ከ1,000 ሜትር በላይ

ሐዋሳ ውስጥ መኪና ያላችሁ፣ ወይም መኪና ያለው ጓደኛ ያላችሁ ሰዎች አንድ ምክር ሳትሰሙ አልቀራችሁም። መኪናው አቅም አንሶት ዳገት ላይ ሲያቃስት ጋራዥ ይወሰዳል። መካኒኩ ከመኪናው ሆድ ሥር ይወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይሄ ኮንቨርተር ነው የሚያፍነው። ቆርጠን እናውጣው፣ ከዛ ጉልበቱን ታየዋለህ» ይላል። ባለመኪናው አያቅማማም። ጉልበት የሚጠላ ማን አለ? የጭስ መውጫው ይፈታል፣ የማር እንጀራ የሚመስለው ሴራሚክ ይወጣል፣ ባዶው ቱቦ ተመልሶ ይበየዳል። መኪናው ድምፁ ጎርነን ብሎ ከጋራዡ ይወጣል። ድምፁ ስለጎረነነ ደግሞ የፈጠነ ይመስላል።

(እውነት ፈጥኗል ወይ? ቆይተን እንመጣበታለን።)

ይህ ምክር ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። «ንጹሕ ሞተር ደካማ ሞተር ነው» የሚል ሃምሳ ዓመት ያለፈው እምነት ነው። እምነቱ የተወለደው አሜሪካ ነው፣ ጀርመን ውስጥ ትልቅ ወንጀል አሠርቷል፣ እኛ ጋ ደግሞ ጡረታ ሳይወጣ እስከ ዛሬ ይሠራል። ታሪኩን ካላወቅን በ2015 ዓለምን ያነጋገረው የቮልስዋገን ቅሌት አይገባንም። ኩባንያው «መኪናችሁን አምጡና እናስተካክልላችሁ» ብሎ ሲጠራ ባለመኪኖቹ ለምን ፊታቸውን እንዳጠቆሩም አይገባንም። ከሁሉ ይልቅ፣ ያ ማስተካከያ የተደረገለት መኪና ሐዋሳ ቢመጣ ምን እንደሚሆን አይገባንም። እኔን ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የመጨረሻው ነው። (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ጉዳዩም በአብዛኛው የፈረንጅ ስለሆነ ነው።)

እንግዲህ ከዲትሮይት እንጀምር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ በጉልበት ሰክራ ነበር። ነዳጅ ርካሽ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ሞተሩ ትልቅ። ሸቭሮሌ ኮርቬት የምትባለው የስፖርት መኪና በ1970 በተራ ሞተሯ ብቻ 300 የፈረስ ጉልበት አላት ተብላ ትሸጥ ነበር፤ ጨምሮ ለከፈለ ደግሞ ከዚያ በላይ አለ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የንጹሕ አየር አዋጅን ፈረሙ። አዋጁ ለመኪና ፋብሪካዎች ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ከጭሳችሁ ውስጥ ዋና ዋናዎቹን መርዞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ 90 በመቶ ቀንሱ። ፋብሪካዎቹ «አይቻልም፣ እንዘጋለን» ብለው ጮኹ። (ሆንዳ የምትባል ያኔ በይበልጥ በሞተር ሳይክሏ የምትታወቅ የጃፓን ኩባንያ ግን ዝም ብላ ሠርታ ኮንቨርተር እንኳን ሳያስፈልጋት ፈተናውን አለፈች። እሱ ራሱን የቻለ ወግ ነው።)

በ1975 ያችው ኮርቬት በተራ ሞተሯ ስንት ሆነች? 165። ከ300 ወደ 165! የመኪና መጽሔት የሚያነብ አሜሪካዊ ጎረምሳ ሐዘን ተቀመጠ ማለት ይቻላል። ፎርድ ሙስታንግ ደግሞ በ1974 ስምንት ሲሊንደር ሞተር የሚባል ነገር ጭራሽ ሳይኖራት ወጣች፤ ትልቁ ሞተሯ 105 የፈረስ ጉልበት ነበረው። «ንጹሕ አየር ጉልበታችንን በላው» የሚለው ለቅሶ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ለቅሶው ግን ሒሳቡ ላይ ስሕተት አለበት። እስከ 1971 ድረስ ፋብሪካዎቹ ጉልበት የሚለኩት ሞተሩን ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው ነበር። የአየር ማጣሪያ የለም፣ ማርሚታ የለም፣ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጓዞች የሉም። በ1972 ሞተሩ መኪና ላይ ሲገጠም እንደሚሆነው ሆኖ ይለካ ተባለ። በ1971 «270» የተባለው የኮርቬት ሞተር በ1972 ያው ሞተር ሆኖ «200» ተባለ። አንድ ብሎን ሳይፈታ 70 ፈረስ ጠፋ! ከ300 እስከ 165 ካሉት 135 ፈረሶች ውስጥ 70ዎቹ በረት ውስጥ ያልነበሩ የወረቀት ፈረሶች ናቸው። የቀሩት በእርግጥ ሞተዋል። የሞቱትም እርሳስ የሌለው ቤንዚን እንዲያቃጥል ሲባል የሞተሩ የመጭመቅ ኃይል ስለተቀነሰ፣ የእሳቱ ሰዓት ስለተዛባ፣ መተንፈሻውም ስለጠበበ ነው። የዚያን ዘመን መሐንዲስ በእጁ የነበረው ካርቡራቶርና ዊንጭት ነው፤ በዚያ መሣሪያ ንጽሕናንም ጉልበትንም አንድ ላይ መያዝ አልቻለም።

ያ ዘመን ግን አለፈ። በ1977 ቮልቮ ለካሊፎርኒያ ገበያ ባወጣው መኪና ጭሱን እያሸተተ የነዳጁን መጠን የሚያስተካክል የኦክስጅን ሴንሰር ገጠመ። ካርቡራቶር ቀስ በቀስ ለኢንጀክሽን፣ ዊንጭት ለኮምፒውተር ቦታውን ለቀቀ። የ2020ዋ ኮርቬት ከነኮንቨርተሯ፣ ከነሴንሰሯ፣ በትክክለኛው መለኪያ 490 የፈረስ ጉልበት አላት። ጭሷ ደግሞ ከ1970ዋ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። ጉልበቱ ተመልሶ መጣ፣ ለቅሶው ግን አልቆመም።

እኛ ጋ እንዴት ደረሰ? መልሱ እርሳስ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ ቶማስ ሚጅሊ በ1921 ቤንዚን ላይ የእርሳስ ውሕድ ጠብ ቢደረግ ሞተሩ ሳይንኳኳ ይበልጥ መጭመቅ፣ ስለዚህ ይበልጥ ጉልበት መስጠት እንደሚችል አገኘ። እርሳስ መርዝ መሆኑ የታወቀው ገና ድሮ ነው፤ ጉልበት ስለሚሰጥ ግን ዓለም ለብዙ አሥርት ዓመታት አጨሰው። የአሜሪካ ቤንዚን ከእርሳስ መላቀቅ የጀመረው ለሕፃናት አእምሮ ተብሎ ብቻ አይደለም። እርሳስ ኮንቨርተሩን ስለሚገድለው ነው። ውስጡ ያለውን ፕላቲኒየም ይለብሰውና ሥራ ያስፈታዋል።

አፍሪካ ውስጥ እርሳሱ ሰነበተ። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው እስከ 2005 ማብቂያ ድረስ እንዲወገድ ተስማሙ፣ ወገድ አደረጉትም። (ከዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፣ በ2021።) እስከዚያው ድረስ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር ኮንቨርተር ተገጥሞለት የሚመጣ መኪና የእኛን ቤንዚን ሲጠጣ ኮንቨርተሩ ይሞታል። ሞቶም ዝም ብሎ አይተኛም፤ ሴራሚኩ ከቀለጠ ወይም ከተደፈነ ጭሱን መልሶ ሞተሩን ያፍነዋል። ያኔ «ቆርጠን እናውጣው» ያለ መካኒክ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። እርሳሱ ከሄደ ሃያ ዓመት አልፎታል። ምክንያቱ ሞቶ ምክሩ ቀረ። ዛሬ ጤነኛ ኮንቨርተር ከአንድ የቤት መኪና የሚወስደው ጉልበት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሲቆረጥ የሚጨምረው በዋናነት ድምፁ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የቼክ ኢንጂን መብራት ደግሞ ምርቃት።

አሁን ወደ ናፍጣ እንሻገር፣ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነውና።

ናፍጣ ሞተር ቆጣቢም ጉልበታምም የሆነው አየር በብዛት አስገብቶ፣ አጥብቆ ጨምቆ፣ በኃይለኛ ሙቀት ስለሚያቃጥል ነው። ችግሩም ይኸው ነው። በዚያ ሙቀት አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ሌላ መርዝ ይወልዳል። ስለዚህ እሳቱን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። አንዱ ዘዴ ጭሱን ከፊሉን መልሶ ሞተሩን ማጠጣት ነው። ሰው የራሱን ትንፋሽ መልሶ እንዲተነፍስ እንደማድረግ ቁጠሩት። እሳቱ ይበርዳል፣ ሞተሩ ግን ይደብተዋል፤ ጥላሸቱም ይጨምራል። ጥላሸቱን የሚይዝ ማጣሪያ ትገጥማላችሁ፤ ማጣሪያው ሲሞላ የሚቃጠለው በተጨማሪ ነዳጅ ነው። ሌላው መንገድ ዩሪያ የሚረጭ መሣሪያ መግጠም ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋ አለው፣ ቦታ ይይዛል፣ ባለመኪናው ዩሪያውን እየገዛ መሙላት አለበት። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ ሒሳብ አለ፦ በጉልበት፣ በነዳጅ ወይም በገንዘብ።

ቮልስዋገን (አዎ፣ እኛ «ቮልስ» እያልን በፍቅር የምንጠራት ጥንዚዛ እናት ኩባንያ) አሜሪካኖችን «ንጹሕ ናፍጣ» ብሎ ሲያግባባ ሦስቱንም አልከፍልም አለ። አራተኛ መንገድ ፈለገ። የመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ ፈተና ላይ መሆኑን የሚያውቅ ሶፍትዌር ጫነ። መሪው ይዞራል ወይስ ዝም ብሎ ቆሟል? ፍጥነቱ እንዴት ነው? ሞተሩ ከተነሳ ስንት ጊዜው ነው? የአየሩ ግፊትስ? እነዚህን ይደማምርና «ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ» ካለ ጨዋ ይሆናል። መንገድ ላይ ሲወጣ ጨዋነቱን አውልቆ ይጥላል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ሚዛኑን የሚያስተካክል ነጋዴ እኛም አይጠፋንም፤ ይሄኛው 11 ሚሊዮን ሚዛን መሸጡ ነው ልዩነቱ።

የያዙት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተመራማሪዎች ናቸው። መለኪያውን መኪናው ኋላ ጭነው መንገድ ወጡ። አንዱ ቮልስዋገን፣ ጄታ፣ ከሚፈቀደው ከ15 እስከ 35 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲተፋ ተገኘ፤ ሌላው፣ ፓሳት፣ ከ5 እስከ 20 እጥፍ። አብሮ የተፈተነው ቢኤምደብሊው ግን በአመዛኙ ደህና ነበር፤ ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ሰበብ እዚያው ተቀበረ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጉዳዩን ይፋ አወጣው። በአምስተኛው ቀን ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን ከሥልጣን ወረዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውና እኔን በጣም ያስገረመኝ አንድ ነገር አለ። መኪኖቹን መልሶ መጥራት፣ ፈረንጆቹ ሪኮል የሚሉት፣ ከቅሌቱ በኋላ የመጣ ይመስለናል። አይደለም። ካሊፎርኒያ ጥያቄ ማብዛት ስትጀምር ቮልስዋገን በ2014 መጨረሻ ላይ በፈቃደኝነት ባለመኪኖችን ጠርቶ ሶፍትዌሩን አድሶ ነበር። ኩባንያው በ2017 ወንጀሉን ሲያምን በተፈረመው ሰነድ ላይ እንደተገለጸው፣ በዚያ እድሳት ውስጥ የመሪውን መዞር የሚከታተለው ዘዴ ተካትቷል። ማለትም መኪናው ፈተናን ከመንገድ ይበልጥ አጥርቶ እንዲለይ ተደረገ። ሰዎች ለጭሱ መፍትሔ መስሏቸው ወስደው ያስነኩት መኪና የባሰ አጭበርባሪ ሆኖ ተመለሰላቸው። ደንበኛ ጥሪ ሲሰማ ቢጠራጠር ይፈረድበታል?

ከ2015 በኋላ የመጣው እውነተኛው ጥሪ ነው። ያኔ ነው እንግዲህ ያ የ1970ዎቹ ለቅሶ እንደገና የተነሳው፦ «መኪናዬን ሊያደክሙት ነው!» ጥሪው ውስጥ የቤተሰብ መኪና ብቻ አልነበረም። አውሮፓ ውስጥ የዚሁ ሞተር ባለ 170 ፈረስ ዝርያ ኦዲ ቲቲ የምትባለው ሁለት በር የስፖርት መኪና ላይም ተገጥሟል። ቲቲን የገዛ ሰው የገዛው ቅጽበትን ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ ወንበሩ ከኋላ ገፋ የሚያደርገውን ስሜት። እሱን ነው እንግዲህ ኑና እናስተካክለው የሚሉት።

ፍርሃቱ መሠረት አለው ወይ? በቁጥር የመለሰው የአሜሪካው የሸማቾች መጽሔት ኮንሲውመር ሪፖርትስ ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል፦ ገና ጥገናው ሳይወጣ መኪኖቹን አታልሎ መንገድ ላይ ሳሉ «ላቦራቶሪ ውስጥ ናችሁ» አላቸው። አታላይን ማታለል! የ2011 ጄታ ከቆመበት ተነስቶ 96 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ሲያጭበረብር 9.9 ሰከንድ፣ ጨዋ ሲሆን 10.5 ሰከንድ ፈጀበት። በአንድ ጋሎን የሚሄደው የአውራ ጎዳና መንገድ ከ50 ማይል ወደ 46 ወረደ። የ2015ቱ ጄታ ግን ከ9.1 ወደ 9.2 ሰከንድ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አዲሱ ዩሪያ የሚረጭበት መሣሪያ ስላለው ንጽሕናውን በጉልበት ሳይሆን በሌላ ሒሳብ ይከፍላል።

ስድስት አሥረኛ ሰከንድ። ዓይን ቢርገበገብ የሚያልቅ ጊዜ። ይቺ ነገር ናት እንግዲህ በ35 እጥፍ መርዝ የተገዛችው።

ትክክለኛው ጥገና ሲወጣም ውጤቱ እንዲሁ የተደበላለቀ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኩባንያው እስከ 14.7 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት ፈርሞ መኪኖቹን መልሶ ገዛ፤ ለባለመኪኖቹም ከ5,100 ዶላር ጀምሮ ካሳ ጨመረላቸው። የተመለሱት መኪኖች ሚቺጋን ውስጥ ሲልቨርዶም የሚባል የተተወ ስታዲየም ዙሪያ በሺዎች ተደርድረው ከሰማይ ሲነሱ የመቃብር ቦታ ይመስሉ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ግን መልሶ መግዛት የለም። በአብዛኛው የግማሽ ሰዓት የሶፍትዌር ሥራ ነው፤ ጉልበት አይቀንስም፣ ነዳጅ አይጨምርም፣ ድምፅ አይለውጥም የሚል የኩባንያው ቃል፣ ከዚያ ደህና ሁኑ። አውስትራሊያ ውስጥ የባለመኪኖች ማኅበር በ2017 ጥገና የተደረገለትን መኪና ለክቶ የነዳጅ ፍጆታው በአማካይ 7 በመቶ፣ አውራ ጎዳና ላይ እስከ 14 በመቶ እንደጨመረ አስታወቀ። ብዙ አውሮፓውያን ደግሞ ከጥገናው በኋላ መኪናው እንደሚደበተው፣ ጭሱን የሚመልሰው ቫልቭ እንደሚዘጋባቸው አማረሩ።

እኔ በበኩሌ ለቲቲው ባለቤት አዝናለሁ፤ ያልከፈለበትን አልጠየቀም፣ በብሮሹሩ ላይ የተጻፈለትን ነው የጠየቀው። ብሮሹሩ ላይ ግን ሁለት ነገር ነበር የተጻፈው፦ «ፈጣን» እና «ንጹሕ»። የተሸጠለት አንዱ ብቻ ነው። ጥሪው ሁለተኛውን ሊሰጠው ሲመጣ ከመጀመሪያው ቀንሶ ነው፤ መጀመሪያውኑ የሁለቱ ዋጋ ስላልተከፈለ።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ፤ በሉክሰምበርግ በኩል አድርገን።

ያ የአውሮፓ ጥገና ራሱ ፍርድ ቤት ቀረበ። የኦስትሪያ ባለመኪኖች «የጠገናችሁልን ሶፍትዌርም ያጭበረብራል» ብለው ከሰሱ። ጁላይ 14 ቀን 2022 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጠ። በውሳኔው ውስጥ እንደተዘረዘረው የታደሰው ሶፍትዌር ጭሱን የሚመልሰውን ቫልቭ በሙሉ አቅሙ የሚያሠራው የውጭው ሙቀት ከ15 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆንና መኪናው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ሲሄድ ብቻ ነው። ከ1,000 ሜትር በኋላ በ250 ሜትር ከፍታ ልዩነት ውስጥ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ዜሮ ይገባል።

ቁጥሩን ድገሙት። 1,250 ሜትር ላይ ዜሮ።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። «ቆላ» እያልን ነጠላ ጥለን በሐይቁ ዳር የምንንሸራሸርባት ሐዋሳ! ከሐዋሳ ተነስታችሁ በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነጌሌ፣ በባቱ፣ በመቂ አድርጋችሁ ሞጆን አልፋችሁ አዲስ አበባ እስክትገቡ ድረስ ከ1,250 ሜትር በታች የሚወርድ አንድም ስፍራ የለም። ያንን ሶፍትዌር የጫነ መኪና፣ በጥሪው መሠረት የተስተካከለ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በዚህ መንገድ ሁሉ ላይ ጭስ መመለሻው ተዘግቶ ነው የሚሄደው። ሰመራ እንውረድ ካላችሁ ከፍታው ይስማማል፣ ሙቀቱ ግን 33ን ሲያልፍ ይውላል። (ጋምቤላ ማታ ማታ ሁለቱንም ሳያሟላ አይቀርም። ንጹሕ ናፍጣ ለመንዳት ጋምቤላ፣ ያውም በማታ!) ኩባንያው ይህን ያደረግኩት ሞተሩ በጥላሸት እንዳይጎዳ ነው ብሎ ተከራክሯል። ፍርድ ቤቱ ግን በኦስትሪያና በጀርመን የአየር ጠባይና ተራራ ላይ እንኳን መሣሪያው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ ሕገ ወጥ ነው አለ። ኢትዮጵያ በዚያ ችሎት ውስጥ ስሟ አልተነሳም። በምን ሒሳብ ትነሳለች? እኛ ጋ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚጠፋው።

ስለዚህ ለጥያቄው መልስ ከተፈለገ፦ ጥሪው የስፖርት መኪናዋን ጉልበት ሙኒክ ላይ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፣ ሐዋሳ ላይ ግን ያው እንደ ድሮዋ ናት። ከጭሷ ጋር።

የሐዋሳ መኪና ጉልበት የሚቀንስበት ሌላ፣ ማንም የማይከሰስበት ምክንያት አለ። ይኸው ከፍታ ራሱ ነው። 1,700 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በአንድ አምስተኛ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። 100 ፈረስ ተብሎ የተጻፈለት መኪና ሐዋሳ ሲደርስ ወደ 84 ተጠግቷል፤ ማንም ሳይነካው። ካርቡራቶር ያለው አሮጌ መኪና ሲሆን ይባስ፤ አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ የቆላውን መጠን ነዳጅ ያፈሳል፣ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከጄታ ላይ ጥሪው ከወሰዳት ስድስት አሥረኛ ሰከንድ ጋር አስተያዩት። መካኒኩ በኮንቨርተሩ ላይ የፈረደበት ድካም ግማሹ የተራራው፣ ግማሹ ያልተቀየረ ካንዴላና የታፈነ አየር ማጣሪያ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያውን መቀየር ግን እንደ መቁረጥ ጀግንነት አይመስልም።

ጥሪውስ ራሱ እኛ ጋ ይደርሳል ወይ? የጥሪ ደብዳቤ የሚላከው በሻንሲ ቁጥር መኪናው ወደ ተመዘገበበት አድራሻ ነው። ከጀርመን ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በካርጎ ወደ ውስጥ የገባ፣ እዚህም ሦስት ሰው የተቀባበለው መኪና አድራሻው የት ነው? ደብዳቤው ምናልባት ከአሥር ዓመት በፊት አንድ የሽቱትጋርት ፖስታ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ፍሬኑንና መብራቱን ያያል፤ «ይህ መኪና ተጠርቶ ነበር፣ ሄዷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ብዙ ፋብሪካዎች የሻንሲ ቁጥሩን ስታስገቡ ጥሪ እንዳለበት የሚነግር ገጽ ኢንተርኔት ላይ አላቸው። አሮጌ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ሞክሩት፤ ነጻ ነው።

ይህን ሁሉ ጭስ ማን ይተነፍሰዋል የሚለውን ሐዋሳ ውስጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የከተማዋ ሰው የሚጓጓዘው በባጃጅ ነው። ባጃጅ በር የለውም፣ መስኮት የለውም፤ የሾፌሩ አፍንጫና የፊተኛው አይሱዙ ጭስ መውጫ በአንድ ከፍታ ላይ ናቸው። ቀኑን ሙሉ። ኮንቨርተሩን አስቆርጦ የወጣው ባለመኪና መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል።

በጥር 2016 ዓ.ም (በእኛው) የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር መኪና ወደ አገር አይገባም ሲሉ ለፓርላማ ተናገሩ። ምክንያቱ በዋናነት የነዳጅ ዶላር ነው፤ ጭሱ በትርፍ የመጣ ነው። በአንድ ውሳኔ ግን የሃምሳ ዓመቱ ክርክር ለአዲስ ገቢ መኪኖች ተዘጋ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብምና ተራራ አያደክመውም፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን ጉልበት ሐዋሳም፣ እንጦጦ ጫፍም ይዞት ይወጣል። የሚቆረጥ ኮንቨርተር የለውም። ቀደም ብለው የገቡት መኪኖች ግን ገና ለብዙ ዓመት መንገዱ ላይ ናቸው፤ መለዋወጫ እስከተገኘ ድረስ እኛ ጋ መኪና አይሞትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚታዩት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዱ ራሱ የቮልስዋገን ነው፤ አይዲ 6 የሚባለው ሰፊው የቤተሰብ መኪና። ጭስ የለውም፣ ሁለመናው ግን ሶፍትዌር ነው፤ ስለዚህ ነገ ቢጠራ የሚጠራው እንደዚያኛው ለሶፍትዌር እድሳት ሊሆን ይችላል። መኪናው የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው በቻይንኛ ነው፣ የሚደርሰውም ቻይና።